የኮርማው ጉልበት

የመኪና መርማሪው ቢሻው ወረቀቱን በሞተሩ ጎን ላይ ለጥፎ በእርሳስ ሲፈገፍገው ሁለተኛ ቁጥር ወጣ።

እጁን አቆመ። ከላይ በአራት ምስማር የተመታው የነሐስ ሰሌዳ ሌላ ቁጥር ነው የሚለው። ሰሌዳው ላይ የሞተሩ ጉልበት 130 ፈረስ ተብሎ ተቀርጿል። ከሥሩ፣ የጠቆረው ቅባት ተፍቆ ብረቱ ላይ የተገኘው ቁጥር ግን አጭር ነው። የአነስተኛ ሞተር ቁጥር ነው።

ቀና ብሎ ባለመኪናውን አየው። ያየህ ኮፈኖውን በአንድ እጁ ደግፎ ቆሟል። ዓይኑን ወደ መንገዱ አዞረ።

«ጋሽ ያየህ።»

«አቤት።»

«ይህን ቅባት እዚህ ላይ ማን ነው እንዲህ የለጠፈው?»

«ቅባት በራሱ ነው የሚለጠፍ።»

«ሁለት ጣት ውፍረት?»

ያየህ ኮፈኖውን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ።

ግንቦት 1980 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ጧት ሦስት ሰዓት ነው። ወረታ መጋጠሚያው ላይ አሥራ አንድ የጭነት መኪናዎች ተሰልፈዋል። ትእዛዙ ከትናንት ወዲያ ነው የደረሰው። የእያንዳንዱ መኪና የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥርና የሞተር ጉልበት ተመዝግቦ እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ወደ ጎንደር በስልክ ይነገራል። ጉልበቱ ከዘጠና ፈረስ በላይ የሆነ መኪና ከነሾፌሩ ሰኞ ወደ ሰሜን ይዘምታል። የቀረው ለአካባቢው አገልግሎት ይቆያል።

የቅጹ ጀርባ ላይ መመሪያው ታትሟል። የሻንሲው ቁጥር የመኪናውን ዓይነት ይናገራል፣ የሞተሩ ቁጥር የሞተሩን፤ ጉልበቱ ከሰሌዳው ይገለበጣል። ሦስቱ ካልተስማሙ መርማሪው ምክንያቱን ይጽፋል። ቁጥር የፋቀ፣ የለወጠ ወይም ያዛወረ በአሻጥር ይጠየቃል። አሻጥር ከሚለው ቃል ሥር መስመር ተሰምሯል።

ያየህ የይፋግ ሰው ነው፤ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ። አባቱ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ፤ ልጃቸው መዝሙረ ዳዊት ጨርሶ ወደ ዜማ ትምህርት ሲያልፍ ማየት ነበር ምኞታቸው። እሱ በአሥራ ሰባት ዓመቱ አንዲት እህል የጫነች መኪና ላይ ወጥቶ ወረታ ወረደ፤ እዚያው ቀረ። ሳልህ የሚባል የወረታ ነጋዴ ረዳት አድርጎ ቀጠረው። ሰባት ዓመት ጎማ ፈታ፣ ውሃ ሞላ፣ ከጭነት ላይ ተኛ። ከዚያ መሪ ጨበጠ። ሳልህ ዓይኑ ሲደክም መኪናውን በያየህ ስም አዛወረለት። «እኔ ድምፁን ብቻ ነው የማውቀው፤ አንተ ሆዱን ታውቃለህ» አለው።

ያየህ መጀመሪያ ያደረገው ሥዕል ማሣል ነው። በበሩ ላይ የፎገራ ኮርማ አሣለበት፤ ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉር፣ አንገተ ወፍራም። ከሥሩ በቀይ ቀለም 130 አስጻፈ። ከዚያ ወዲህ መኪናውን በታርጋው የጠራው የለም። ከጣራ ገዳም እስከ ጉማራ ድልድይ ድረስ ስሙ ኮርማው ነው።

ኮርማው ሁልጊዜ ቅዳሜ በሽተኛ ጭኖ ወንዛዬ ፍል ውሃ ይወርዳል። ጉልበት ያመመው፣ ወገብ የያዘው፣ ቁስሉ አልሽር ያለው ሁሉ ከጧት ጀምሮ ካሶኒው ላይ ወጥቶ ይጠብቃል። ወደዚያ የሚሄድ ሌላ መኪና የለም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከተሳፋሪዎቹ አንዷ የያየህ ሚስት አማከለች ናት። ጉልበቴን ነው የሚያመኝ ትላለች።

የዛሬ አራት ዓመት በክረምት፣ ከዓለም በር በታች ያለው ዳገት ላይ፣ የኮርማው ሞተር ፈነዳ። ያየህ መኪናውን ባሕር ዳር አስጎትቶ ወሰደው። ለዚያ ዓይነት መኪና የሚሆን ሞተር አልተገኘም። የተገኘው ከተቃጠለች ትንሽ መኪና የወጣ ሞተር ነው፤ ብረት አስበይዶ ገጠመው። ተነሣ። ሊመለስ ሲል ግን ከተጣለው ሞተር ላይ ሰሌዳውን ነቀለና በአዲሱ ላይ መታው። ማንንም ለማታለል ብሎ አይደለም። በሩ ላይ 130 ተጽፏል፤ ሰው ሁሉ አንብቦታል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ድንጋይና ሲሚንቶ ጭኖ አያውቅም። «ኮርማው የሚወደው ሰው ነው» ይላል። ዳገት ሲደርስ አውርዶ ያሳርፋቸዋል። ሞተሩ ይብረድ ብሎ ጨዋታ ይጀምራል። ጨዋታው ጥሩ ስለሆነ ማንም አልጠየቀም።

ቢሻው የእጅ መጥረጊያ ጨርቁን አንሥቶ በሁለተኛው ቁጥር ላይ ጣለው። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይስሙኝ ጋሽ ያየህ። ሰሌዳውን ከገለበጥኩ ሰኞ ይነሣሉ። ጥይት ይጭኑበታል። ሊማሊሞ ላይ ይቆማል። ያኔ ኮፈኖውን የሚከፍተው ሌላ ሰው ነው፤ ጨርቅም አይጥልበትም።»

«የሥሩንስ ብትጽፍ?»

«ዛሬውኑ ይታሰራሉ።»

ያየህ ወደ ካሶኒው አየ። አማከለች ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ድረስ ተከናንባ ጥጉ ላይ ተቀምጣለች።

«እሷን ማን ይወስዳታል?» አለ።

ቢሻው ቅጹን ገለጠ። «አሥራ አራተኛው ተራ ላይ አንድ ነገር አለ። የሞተር ለውጥ፣ በባለንብረቱ የተገለጸ። እኔ ሳልፈርም እርስዎ ከተናገሩ ገለጻ ነው። ከፈረምኩ በኋላ ከሆነ ጥፋት ነው። እስካሁን አልፈረምኩም።»

«እሺ፤ ለዚያ ከጎንደር ለመጣው ሰውዬ በጆሮው ልንገረው?»

«በጆሮ አይሆንም። ምስክር ይላል። በሰው ፊት ነው።»

ሰው የተባለው በሙሉ ሰልፉ ላይ ነው። የመንገዱ ሾፌሮች ሁሉ አሉ። የሱፍም አለ። የሱፍ ከኋላ የተሰለፈው አዲስ መኪና ሾፌር ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ከያየህ ጋር ስለ ዳገት የተከራከረ ሰው።

ያየህ ኮፈኖውን ለቀቀው። ኮፈኖው ሲዘጋ ሰው ሁሉ ዞረ።

«ጓዶች!» አለ። ቃሉን አልለመደውም። «ይህ... ይህ ሞተር የኮርማው አይደለም። የራሱ ከአራት ዓመት በፊት ፈንድቷል። ይህ የትንሽ መኪና ነው። ሰሌዳውን የመታሁት እኔ ነኝ።»

የሱፍ ሳቀ።

«ኧረግ! ጋሽ ያየህ! ለካ አራት ዓመት ሙሉ ጥጃ ኖሯል እንዴ ዳገት ዳገቱን ሲያሳርፉት የነበረው!»

«ጥጃ ነው» አለ ያየህ።

«በሩ ላይ እኮ ቀንድ አለው!»

«ቀንዱ ቀለም ነው፣ የሱፍ። በቃህ አሁን።»

የጎንደሩ ተወካይ ጓድ ኃይለ ሚካኤል ከጠረጴዛው ተነሣ። ወጣት ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ፊት አለው። ሽጉጡን ከወገቡ አስተካክሎ መጣ።

«ማስረጃ?» አለ።

«የተቃጠለችው መኪና ሊብሬ አብሯት ተቃጥሏል።»

«እንግዲያው ስንት ብዬ ላስተላልፍ? ዘጠና አምስት ቢሆንስ? ሁሉም እየተነሣ ሞተሬ ጥጃ ነው ቢለኝስ?»

ቢሻው እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ።

«ጓድ፣ እዚህ አገር በሬ ሲገዛ ባለቤቱን ዕድሜውን ጠይቀው አይወስዱትም። ጠምደው ሁለት ትልም ያርሱበታል። ሽማግሌ ቆሞ ያያል።»

«ታዲያ?»

«እንጥመደው።»

ቢሻው መርማሪ ከመሆኑ በፊት ቻይናዎች የወልዲያን መንገድ ሲሠሩ የልኬት ዘንግ ይዞ የቆመ ሰው ነው። አራት ዓመት ቆሟል። ከዓለም በር በታች ያለውን ዳገት በእጁ ያውቀዋል። ከታችኛው የድንጋይ ምልክት እስከ ላይኛው ያለው ከፍታ አርባ ሜትር ነው። አንድ ፈረስ ማለት ሰባ አምስት ኪሎ በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ሽቅብ የሚያወጣ ጉልበት ነው። የመኪናው ባዶ ክብደት ሊብሬው ላይ አለ። የጭነቱ ክብደትና የወጣበት ሰከንድ ከታወቀ የቀረው ማባዛትና ማካፈል ነው። ይህን ለኃይለ ሚካኤል በቅጹ ጠርዝ ላይ ጽፎ አሳየው።

ኃይለ ሚካኤል ረጅም ጊዜ አየው። «ሾፌሩ እግሩን ቢያነሣስ?»

«ሌላ ሰው ይንዳው።»

«ማን?»

ከሰልፉ አንዱ «ጠላቱ!» አለ፤ ሁሉም ሳቁ። ሁሉም ወደ የሱፍ አዩ።

«እነዳዋለሁ» አለ የሱፍ። «ወላሂ እስከ ወለሉ ነው የምረግጠው። ስድስት ዓመት ስጠብቅ ኖሬ!»

ጭነት አልተገኘም። የገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ለጦሩ ስንቅ ተጠርጎ ሄዷል፤ አንድ ጆንያ ሩዝ አልቀረም። የቀረው ሚዛኑ ነው። ቢሻው ወደ ካሶኒው ተመለከተ። የወንዛዬ በሽተኞች ከላይ ሆነው ይመለከቱታል።

«እነሱን እንመዝናለን» አለ።

ረብሻ ሆነ። መመዘን ዓይን ያስበላል ያሉ ሴቶች አሉ። ከበሽተኞቹ አንዱ የሆኑት መሪጌታ ወልደ ሥላሴ ወገባቸውን ይዘው ወረዱና መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«የእኔ ሚዛን ቅዱስ ሚካኤል ዘንድ ነው ያለው» አሉ። «የእህል ሚዛን ላይ አልወጣም።»

«መሪጌታ፣ ካልተመዘኑ ኮርማው ሰኞ ይዘምታል። ወንዛዬ በእግርዎ ነው።»

መሪጌታ ጥቂት አሰቡ። «ጥምጥሙ ይቆጠራል?»

«ከነጥምጥሙ ነው።»

ወጡ። ሃምሳ አራት ኪሎ። «ብቻ?» አሉ፤ ቅር ብሏቸው ወረዱ። ከሳቸው በኋላ ሁሉም ተከታትሎ ወጣ። ኃይለ ሚካኤልም ጋቢና ውስጥ ሰዓት ይዞ ስለሚቀመጥ ተመዘነ፤ ከነሽጉጡ ሰባ አንድ። የሱፍ ስልሳ ስድስት። ቢሻው ስም አይጽፍም፤ ቁጥር ብቻ ነው።

አማከለች መጨረሻ ቀረች። ያየህ ሚዛኑን ራሱ ያንቀሳቅስ ነበር፤ የሳልህ መጋዘን ውስጥ የተማረው ሥራ ነው። ሚስቱ የስንቅ ጥቅሏንና ውሃ የሞላ ቅሏን አቅፋ ወጣች።

«ዕቃውን አስቀምጪው፣ አማኬ።»

«ምን አገባህ፤ አብሮኝ አይደል የሚሄደው?»

«ለብቻው ይመዘናል።»

«አንተ ሰውዬ፣ እንዲሁ ጻፈው።»

«አማኬ።»

አስቀመጠች። ያየህ የሚዛኑን ተንሸራታች ብረት ወደ ሃምሳ ገፋው። ክንዱ አልተነሣም። ወደ አርባ አምስት መለሰው። አርባ ላይም አልተነሣም። ሠላሳ ስምንት ላይ ሲደርስ ክንዱ ተነሥቶ መሃል ላይ ቆመ።

በተጋቡ ዓመት ሳልህ መጋዘን ውስጥ በዚሁ ዓይነት ሚዛን ለጨዋታ ተመዛዝነው ነበር። እሷ ሃምሳ ሰባት ነበረች። ያን ቁጥር ያየህ አልረሳውም። ብዙ ቀን ቀልዶባታል።

«ስንት ልበል?» አለ ቢሻው።

ያየህ እጁን ከብረቱ አላነሣም። ቢሻው ጠጋ ብሎ ራሱ አነበበና ጻፈው። አማከለች ነጠላዋን በሁለት እጇ ሰብስባ ወረደች። ስትወርድ አሳላት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሰባት ሰዓት ላይ ዳገቱ ሥር ደረሱ፤ ቢሻው በመንገድ ሥራው መኪና ተከትሏቸዋል። ሜዳው ከኋላቸው ጥቁርና የተሰነጣጠቀ ነው፤ ከብቱ ሁሉ ወደ ርብ ወርዷል። ሁሉም እንደ ተመዘነ ቦታውን ያዘ። የሱፍ መሪውን ጨበጠ። ያየህ ካሶኒው ላይ ወጥቶ ሚስቱ ጎን ተቀመጠ። መሪ ከጨበጠ ወዲህ የዚህ መኪና ጭነት ሆኖ አያውቅም።

መኪናው ተነሣ። ከታችኛው ድንጋይ ላይ ኃይለ ሚካኤል ክንዱን በመስኮት አውጥቶ አወረደ። የሱፍ ረገጠ። ሞተሩ ጮኸ፤ ካሶኒው ተንቀጠቀጠ፤ መሪጌታ ወልደ ሥላሴ አማተቡ።

ያየህ በድንጋጤ ጎኑን ያዘ። «ከኋላ እንዲህ ነው እንዴ የሚያንገጫግጨው?»

«ስነግርህ ኖሬ» አለች አማከለች።

«ጮክ ብለሽ አልነገርሽኝማ።»

ሳቀች፤ ሳሉ መጣባት። እጁን ከጀርባዋ አሳለፈ። በነጠላው ሥር የትከሻዋን አጥንት አገኘው። እጁን እዚያው ተወው።

«ጉልበት ብቻ አይደለም» አለ።

«አይደለም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከጥምቀት ወዲህ። ላብ ላብ ይለኛል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

አማከለች ወደ ሞተሩ አቅጣጫ አገጯን አነሣች። «የዚህ ድምፅ መለወጡን ባሕር ዳር ደርሰህ የመጣህ ዕለት ነው ያወቅኩት። እኔ ጠይቄህ አውቃለሁ?»

መኪናው ማርሽ ቀንሶ ይጎተታል። ከመንገዱ ዳር ያሉት ድንጋዮች አንድ በአንድ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ኮርማው እንዲቆም መጸለይ ነበረበት፤ በየዳገቱ የለመደው ግን እንዲወጣ መጸለይ ነው። የቱን እንደ ጸለየ በኋላ ለቢሻው ሲነግረው አላስታውስም አለው።

ላይኛው ድንጋይ ላይ ክንዱ እንደገና ወረደ።

የሱፍ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ላቡ ፊቱ ላይ ነው። ሁሉም እሱን ያያሉ።

«ወለሉን ረግጬዋለሁ» አለ። «ጫማዬን እዩት። ምንም የለውም ይሄ ነገር። ጋሽ ያየህ፣ በዚህ ነው ከኔ ጋር ዳገት ሲከራከሩ የኖሩት?»

«በዚሁ ነው።»

«አይ እርስዎ!» አለና ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ብሆን ዓለም በር አልደርስም ነበር።»

ስልሳ አራት ሰከንድ ነው የወሰደው። ቢሻው ቅጹን ኮፈኖው ላይ ዘርግቶ አሰላ። መኪናው አራት ሺህ አንድ መቶ ኪሎ፣ ሰዉ አንድ ሺህ ሦስት መቶ። በአርባ ሜትር ተባዝቶ፣ ለስልሳ አራትና ለሰባ አምስት ተካፍሎ አርባ አምስት ፈረስ ወጣ። ለጎማውና ለማርሹ ድካም ሲሦውን ጨመረበት። ስልሳ።

ኃይለ ሚካኤል ስሌቱን እንደገና ራሱ ሠራው። እዚያው ደረሰ። ያየህን አየው፤ ከዚያ ካሶኒው ላይ የተቀመጡትን አየ።

«ሰሌዳው ይነቀል» አለ። «የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው። በሩ ላይ ያለውም ቁጥር ይጥፋ።»

«ኮርማውስ?» አለ ያየህ።

«ኮርማው ምን አለው?»

«ሥዕሉን ማለቴ ነው።»

«ሥዕል ቅጹ ላይ የለም።»

ቢሻው አሥራ አራተኛው ተራ ላይ ጻፈ፦ የሞተር ለውጥ፣ በባለንብረቱ በምስክሮች ፊት የተገለጸ፤ ጉልበት በልኬት 60 ፈረስ። ያየህ ፈረመ። የሱፍ በምስክርነት ፈረመ፤ መሪጌታም ፈረሙ። ከዚያ ቢሻው ፈረመ። ምስማሮቹን ራሱ ነቅሎ ሰሌዳውን በቅጹ ላይ አሰረው።

የወንዛዬ ተሳፋሪዎች መኪናው እስኪዞር ይጠብቁ ነበር። ያየህ ካሶኒው ጎን ቆመ።

«ዛሬ ወንዛዬ አልወርድም» አለ። «የቀረውን ዳገት እወጣለሁ። ደብረ ታቦር ሆስፒታል ነው የምሄደው። መመለስ የሚፈልግ ከነ ጓድ ኃይለ ሚካኤል ጋር ይመለስ፤ የመንገድ ሥራው መኪና ይወስዳችኋል። ቅዳሜ ወንዛዬ አለሁ።»

ማንም አላጉረመረመም። መሪጌታ ወልደ ሥላሴ ከመውረዳቸው በፊት የአማከለችን ራስ በእጃቸው ዳሰሱት። ዘጠኝ ሰዎች አልወረዱም። ሐኪም የሚያስፈልጋቸው እንደሆኑ እነሱም ያውቁ ነበር።

አማከለች ጋቢናው ውስጥ ገባች። ያየህ ጋቢውን ከመቀመጫው ሥር አውጥቶ አለበሳት። የሱፍ በሩን ዘጋላት። ሞተሩ ሲነሣ ጮክ ብሎ፣ «ጋሽ ያየህ! ዳገት ላይ አያሳርፏቸው እንግዲህ፤ አሁን ሁሉም ያውቃል!» አለ።

«አሁንማ እንዲያውም በደንብ ነው የማሳርፋቸው» አለ ያየህ፤ ማርሽ አስገባ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቢሻው የአሥራ አንዱን መኪና ዝርዝር በስልክ አነበበ። የሱፍ ሰኞ ከኮንቮዩ ጋር ሄደ። በ1983 ሰኔ ላይ በእግሩ ተመለሰ።

ሐኪሞቹ የአማከለች ሕመም የሳንባ ነቀርሳ ነው አሉ። ሁለት ወር መርፌ፣ ከዚያ አሥር ወር ክኒን። በኅዳር 1981 አማከለች በገበሬ ማኅበሩ ሚዛን ላይ ወጣች፤ አርባ ሰባት ኪሎ ሆነች።